ስለ ፌዴራል አስተዳደርና ስለ ንጹሕ አየር
(በሬዲዮ ከተሰጠ ንግግር የተወሰደ)



ሰው ምግብ ሳይቀምስ ብዙ ቀን፥ ውሃም ሳይጠጣ ጥቂት ቀን ሊቆይ ይችላል። አየር ሳይተነፍስ ግን ጥቂት ደቂቃ እንኳ መቆየት አይሆንለትም። ይህን ያህል አስፈላጊ የሆነው አየር ደግሞ እንደ መሬት በገመድ ተለክቶ፥ እንደ እህል በቁና ተሰፍሮ ለያንዳንዱ የሚታደል ነገር አይደለም። በአንድ ከተማ የተነሣ ጭስ የአስተዳደር ወሰን ምልክት አይቶ አይመለስም፤ ነፋስ ወደ ነዳው ይሄዳል።

እንግዲህ ሥልጣን በማዕከላዊው መንግሥትና በብዙ አባል መንግሥታት መካከል በተከፈለበት አገር፥ አየሩን ንጹሕ አድርጎ የመጠበቁ ኀላፊነት የማን ሊሆን ይገባል? አዲስ የጥበቃ ዘዴስ ከወዴት ይገኛል? ይህ የሕግ ዐዋቂዎች ክርክር ብቻ ሆኖ የሚቀር ጥያቄ አይደለም። መልሱ በተሳተ ጊዜ የሚጎዳው የሕፃናት ሳንባና የገበሬው አዝመራ ነው። በዛሬው ንግግራችን ጉዳዩን በአንድ አገር ታሪክ አስደግፈን ለማስረዳት እንሞክራለን። የምንጠቅሳቸው ዓመታት፥ በኛ አቆጣጠር ነው ብለን ካልለየናቸው በቀር፥ በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አስቀድመን እናስታውቃለን።

ፌዴራሲዮን ወይም ፌዴራል አስተዳደር የሚባለው፥ የየራሳቸው ምክር ቤት፥ የየራሳቸው አስተዳዳሪና የየራሳቸው በጀት ያላቸው አባል መንግሥታት በአንድ ሕገ መንግሥት ሥር ተባብረው የሚኖሩበት ሥርዓት ነው። የአገር መከላከያ፥ የውጭ ጉዳይና ገንዘብ የማሳተም ሥራ ለማዕከላዊው መንግሥት የሚሰጥ ሲሆን፥ የቀረው ሥራ እንደየሕገ መንግሥቱ ይከፋፈላል። የአካባቢ ጥበቃ ግን በቀደሙት ሕገ መንግሥታት ውስጥ ስሙ እንኳ አልተነሣም። የአሜሪካ ሕገ መንግሥት በ1787፥ የካናዳም በ1867 ሲጻፍ አቶሞቢል ገና አልተሠራም ነበር። ስለዚህ በእነዚህ አገሮች የአየርና የውሃ ጥበቃ ሥልጣን የማን እንደ ሆነ እስከ ዛሬ ድረስ በምክር ቤትና በፍርድ ቤት ሲያከራክር ይኖራል።

በዚህ ክርክር ሁለት ዐይነት አስተያየት ይሰማል። የመጀመሪያው አስተያየት አባል መንግሥታትን እንደ ሙከራ ቤት የሚመለከት ነው። ሉዊስ ብራንዳይስ የተባሉት የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ዳኛ በ1932 በአንድ የበረዶ ፋብሪካ የፈቃድ ክርክር ላይ በጻፉት የልዩነት ሐሳብ፥ አንድ አባል መንግሥት ሕዝቡ ከፈቀደ አዲስ ዘዴ ሊሞክር እንደሚችልና፥ ሙከራው ቢሰናከል እንኳ አደጋው ለቀረው አገር እንደማይተርፍ አስረድተዋል። የእኚህ ዳኛ ሐሳብ ከዚያ ወዲህ በፌዴራል አስተዳደር ላይ የሚጻፉ መጻሕፍት ሁሉ የሚያነሡት ሆኗል።

ሁለተኛው አስተያየት ሥጋትን የሚገልጽ ነው። አባል መንግሥታት ፋብሪካና የሥራ ዕድል ወደየግዛታቸው ለመሳብ ሲሽቀዳደሙ ሕጋቸውን እያላሉ ይሄዳሉ፤ አንዱ የጠበቀ ሕግ ቢያወጣ ባለፋብሪካው ዕቃውን ጭኖ ወደ ጎረቤት ይሻገራል፤ ጭሱ ግን በነፋስ ተመልሶ የጠበቀ ሕግ ያወጣውን ሕዝብ ያፍናል፤ ስለዚህ ለመላው አገር አንድ ሕግ ይሻላል የሚል ነው። ሁለቱም አስተያየቶች እውነት አለባቸው። የትኛው መቼ እውነት እንደሚሆን ለማወቅ ግን የተደረገውን ነገር መመርመር ያስፈልጋል፤ ለዚህም ከካሊፎርኒያ ታሪክ የተሻለ ምስክር አይገኝም።

ካሊፎርኒያ በአሜሪካ ምዕራብ ዳርቻ ያለች አባል መንግሥት ናት። ታላቋ ከተማዋ ሎስ አንጀለስ በባሕርና በተራሮች መካከል በተዘረጋ ሜዳ ላይ ተሠርታለች። ከላይ የሚመጣው ሞቃት አየር ከበታቹ ያለውን ቀዝቃዛ አየር እንደ ክዳን ስለሚጫነውና ተራሮቹም ዙሪያውን ስለሚያግዱት፥ ከከተማው የሚወጣው ጭስ መውጫ አጥቶ ይታቈራል። በሐምሌ ወር 1943 በከተማው ላይ የወረደው ጭስ የተቀላቀለበት ጉም ከሦስት የመንገድ ማዕዘን በላይ አላሳይ አለ፤ የሰው ዐይን እየቈጠቈጠ ያነባ፥ ጉሮሮውም ይቃጠል ጀመር። ጊዜው የጦርነት ጊዜ ስለ ነበረ ጠላት የመርዝ ጢስ ለቀቀብን ብለው የተሸበሩ ሰዎችም ነበሩ። በመጀመሪያ ለአርቴፊሻል ጎማ የሚሆን ቅመም የሚያዘጋጅ አንድ ፋብሪካ ተጠረጠረና ሥራው ለጊዜው ቆመ። ነገር ግን ፋብሪካው ቆሞም ጉሙ አልቆመም።

በዚያን ጊዜ በዋሽንግተን ያለው ማዕከላዊ መንግሥት የአየር ንጽሕና ሕግም ሆነ ይህንኑ የሚከታተል መሥሪያ ቤት አልነበረውም። ሕመሙን ያየው በቦታው ያለው መንግሥት ስለ ሆነ መድኀኒት መፈለግም የእርሱ ዕዳ ሆነ። በ1947 የካሊፎርኒያው አገረ ገዥ ኧርል ዋረን የአየር መበከልን የሚቈጣጠሩ ልዩ አውራጃዎች እንዲቋቋሙ የሚፈቅደውን ሕግ ፈረሙ፤ በዚያው ዓመት የሎስ አንጀለስ የአየር ቁጥጥር መሥሪያ ቤት ሥራውን ጀመረ። ይህ መሥሪያ ቤት ተቈጣጣሪዎች፥ የመለኪያ መሣሪያዎችና የላቦራቶሪ ሠራተኞች ነበሩት። ይህን ነገር ልብ እንድንለው ያስፈልጋል፤ በኋላ እንመለስበታለንና።

ፋብሪካዎች ጭሳቸውን እንዲቀንሱ ከተደረገም በኋላ የዐይኑ መቈጥቈጥ አልተወም። ምክንያቱን ያገኙት ትውልዳቸው ከኔዘርላንድ የሆነው የካሊፎርኒያ የቴክኖሎጂ ተቋም መምህር አሪ ሃገን ስሚት ናቸው። እኚህ ሊቅ ከዚያ በፊት የአናናስ መዓዛ ከምን እንደሚመጣ ይመረምሩ ነበር። በ1950ዎቹ መጀመሪያ ባደረጉት ምርመራ፥ ከአቶሞቢልና ከነዳጅ ማጣሪያ የሚወጡት ሃይድሮካርቦንና የናይትሮጅን ኦክሳይድ የተባሉት ጋዞች በፀሐይ ብርሃን ኀይል ተዋሕደው ኦዞን የሚባለውን ጎጂ ጋዝ እንደሚፈጥሩ አስረዱ። ይህ ኦዞን የአትክልትን ቅጠል ያጠወልጋል፤ ጎማን ይሰነጥቃል፤ ሳንባንም ያሳምማል። የሊቁ ሐሳብ በመጀመሪያ ከባድ ተቃውሞ ደረሰበት፤ ምክንያቱም ጥፋተኛው በየሰው ደጅ የቆመው አቶሞቢል ነው ማለት ሰውን ሁሉ ጥፋተኛ ማድረግ ነበርና። ምርመራው እየተደጋገመ ሲሄድ ግን እውነቱ ተቀባይ አገኘ።

ከዚያ በኋላ ሥራው በፍጥነት ተካሄደ። በ1960 ካሊፎርኒያ የአቶሞቢል ጭስን የሚቈጣጠር ቦርድ አቋቋመች። ከሞተሩ ሆድ የሚያመልጠውን ጋዝ መልሶ ወደ ሞተሩ አስገብቶ የሚያቃጥለው መሣሪያ በመጀመሪያ የተገጠመው በካሊፎርኒያ በሚሸጡ አቶሞቢሎች ላይ ነው። በ1966 ሞዴል አቶሞቢሎች ላይ ደግሞ ከማርሚታ የሚወጣው ጋዝ ከተወሰነ መጠን እንዳያልፍ በሕግ ወሰነች። ማዕከላዊው መንግሥት ይህንኑ የመሰለ ደንብ ለመላው አገር ያወጣው ለ1968 ሞዴል ነው። አባል መንግሥቲቱ ቀድማ ሞከረች፤ መሥራቱ ሲታይ ሁለት ዓመት ቆይቶ አገሩ ተከተለ። ብራንዳይስ ሙከራ ቤት ያሉት ነገር እንዲህ በተግባር ታየ።

ነገር ግን ወዲያው ሌላ ችግር ተነሣ። ሌሎች አባል መንግሥታትም የየራሳቸውን ደንብ ለማውጣት ማሰብ ጀመሩ። የአቶሞቢል ኩባንያዎች ይህን ሲሰሙ፥ ሃምሳ አባል መንግሥታት ሃምሳ ዐይነት ሕግ ቢያወጡብን ሃምሳ ዐይነት መኪና ልንሠራ ነውን ብለው አቤቱታቸውን ወደ ኮንግረስ አቀረቡ። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፥ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነው እንደ ተባለው፥ ለየአባል መንግሥቱ ጌጥ የሆነው የራስ ሕግ ሁሉን ለሚሸከመው አምራች በእውነት ሸክም ይሆንበት ነበር። ስለዚህ ኩባንያዎቹ የጠየቁት አንድ ብሔራዊ ደንብ እንዲወጣና አባል መንግሥታት ሁሉ ከዚያ ውጭ እንዳይደነግጉ ነው።

ካሊፎርኒያ ግን ይህን አልተቀበለችም። ከማንም በፊት የጀመርነውን፥ በኛ ከተማ ሁኔታ የጠናውን ችግር ለማቃለል ያወጣነውን ሕግ ብሔራዊ በሚባል የላላ ሕግ አትሻሩብን ስትል ተከራከረች። በሕግ መወሰኛው ምክር ቤት ሴናተር ጆርጅ መርፊ፥ በሕዝብ እንደራሴዎችም ምክር ቤት የካሊፎርኒያ እንደራሴዎች የፓርቲ ልዩነት ሳይለያቸው ቆሙ። በመጨረሻ በ1967 በወጣው የአየር ጥራት ሕግ መካከለኛ መንገድ ተገኘ። አባል መንግሥታት ለአዲስ አቶሞቢሎች የጭስ ደንብ እንዳያወጡ ተከለከሉ፤ ካሊፎርኒያ ግን ችግሯ ልዩና ከባድ ስለ ሆነ፥ ማዕከላዊውን መንግሥት ልዩ ፈቃድ እየጠየቀች የጠበቀ ደንብ እንድታወጣ ተፈቀደላት። በዚያው ዓመት አገረ ገዥው ሮናልድ ሬገን የካሊፎርኒያን የአየር ሀብት ቦርድ የሚያቋቁመውን ሕግ ፈረሙ፤ የመጀመሪያው ሊቀ መንበርም ያ የአናናስ መዓዛ መርማሪ የነበሩት ሊቅ ሃገን ስሚት ሆኑ።

በ1977 ይኸው ሕግ ሲሻሻል አንድ ሌላ ብልሃት ተጨመረበት። የአየራቸው ንጽሕና ከብሔራዊው ደረጃ በታች የሆነባቸው ሌሎች አባል መንግሥታት፥ ከፈለጉ የካሊፎርኒያን ደንብ ቃል በቃል ወስደው የራሳቸው እንዲያደርጉ ተፈቀደላቸው። ሦስተኛ ዐይነት ደንብ ማውጣት ግን አይችሉም። ስለዚህ አምራቹ ከሃምሳ ዐይነት ሕግ ዳነ፤ አባል መንግሥታቱም በአንድ ሕግ ብቻ ከመታሰር ዳኑ። የቀረው ሁለት ምርጫ ብቻ ነው፤ ወይ የዋሽንግተን፥ ወይ የካሊፎርኒያ።

አድማጮች፥ የዚህን አሠራር ምሥጢር በቤት መስለን ብንመለከተው ይገባናል። ቤት ወለልና ጣራ አለው። ማዕከላዊው ሕግ ወለል ሲሆን፥ ማንም ከእርሱ በታች አይወርድም፤ ከእርሱ በላይ ግን የቻለ ይወጣል። ማዕከላዊው ሕግ ጣራ ሲሆን ግን፥ ከእርሱ በላይ ለመውጣት የሚፈልገውን ሁሉ ራሱን ይመታዋል። ከላይ የተመለከትነው ሁለተኛው አስተያየት፥ አባል መንግሥታት ሕጋቸውን እያላሉ ይሽቀዳደማሉ የሚለው፥ እውነት የሚሆነው ወለል በሌለበት ቤት ነው። የመጀመሪያው አስተያየት፥ አባል መንግሥታት ሙከራ ቤት ናቸው የሚለው፥ እውነት የሚሆነው ደግሞ ጣራው ክፍት በሆነበት ቤት ነው።

የዚህ አሠራር ፍሬ በ1970ዎቹ ታየ። ፕሬዚዳንት ኒክሰን በታኅሣሥ ወር 1970 መጨረሻ የፈረሙት የንጹሕ አየር ሕግ፥ ከአቶሞቢል የሚወጣው ዋና ዋና መርዝ በጥቂት ዓመታት ውስጥ በመቶ 90 እንዲቀንስ አዘዘ። ኩባንያዎቹ ጊዜው አይበቃንም ብለው ሲያመለክቱ፥ አዲሱ የፌዴራል የአካባቢ ጥበቃ መሥሪያ ቤት በ1973 አንድ ዓመት ጨመረላቸው፤ ነገር ግን ለካሊፎርኒያ ከሌላው አገር የጠበቀ ጊዜያዊ ደንብ ወሰነ። ዐላማውም ካታሊቲክ ኮንቨርተር የተባለው፥ የማርሚታውን መርዘኛ ጋዝ ወደማይጎዳ ጋዝ የሚለውጠው መሣሪያ አስቀድሞ በአንድ ሰፊ ገበያ እንዲለመድ ነው። መሣሪያው በ1975 ሞዴል አቶሞቢሎች ላይ መገጠም ጀመረ። እርሳስ ያለበት ቤንዚን መሣሪያውን ስለሚያበላሽ እርሳስ የሌለበት ቤንዚን በየማደያው እንዲገኝ ተደረገ፤ በ1996 መጀመሪያም እርሳስ ያለበት ቤንዚን በመንገድ ላይ ለሚሄዱ መኪናዎች እንዳይሸጥ በመላው አሜሪካ ተከለከለ።

የካሊፎርኒያ ገበያ ትልቅ ስለ ሆነ አምራቾች ለእርሷ ብለው የሠሩትን ለሌላውም መሸጥ ይቀልላቸው ነበር። በዚህ ምክንያት ዴቪድ ቮገል የተባሉት የፖለቲካ ሳይንስ መምህር ይህን አሠራር የካሊፎርኒያ ተጽዕኖ ብለው ሰይመውታል። ውጤቱም በመለኪያ የሚታይ ነው፤ በሎስ አንጀለስ አካባቢ ዛሬ የሚለካው ከፍተኛው የኦዞን መጠን፥ አቶሞቢሉ እጅግ ቢበዛም፥ በ1950ዎቹ ከተለካው ከፍተኛ መጠን ከአንድ ሦስተኛ በታች ወርዷል። ይሁን እንጂ ከተማዋ እስከ ዛሬ የፌዴራሉን የኦዞን ደረጃ አላሟላችም፤ ሥራው አላለቀም።

ሙከራ ሲባል ደግሞ ሁሉ ጊዜ ይሰምራል ማለት አይደለም። በ1990 የአየር ሀብቱ ቦርድ፥ በ1998 ከሚሸጡት አዳዲስ አቶሞቢሎች ከመቶ 2፥ በ2003 ደግሞ ከመቶ 10 ምንም ጭስ የማያወጡ እንዲሆኑ ወሰነ። በዚያን ጊዜ የነበረው ባትሪ ለዚህ አልደረሰም ነበርና በ1996 የ1998ቱ ግዴታ ተነሣ፤ ደንቡም ከዚያ በኋላ ደጋግሞ ተሻሻለ። ብዙዎች ሙከራው ወደቀ አሉ። ነገር ግን በዚያ ደንብ ምክንያት የተጀመረው የኤሌክትሪክ አቶሞቢል ምርምር ለኋለኛው ዘመን መሠረት ሆነ። ስሕተቱም ለመላው አገር አልተረፈም።

አሁን ደግሞ የዚህን አሠራር ድካም እንመልከት። ልዩ ፈቃዱን የሚሰጠው ማዕከላዊው መንግሥት ስለ ሆነ፥ ፈቃዱ ከዋሽንግተን የፖለቲካ ነፋስ ጋራ ይወዛወዛል። ካሊፎርኒያ በ2002 የአየር ንብረትን ለመጠበቅ ከአቶሞቢል የሚወጣው የካርቦን ጋዝ እንዲቀንስ ሕግ አወጣች። በሚያዝያ ወር 2007 የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት፥ የማሳቹሴትስ መንግሥትና ሌሎች አባል መንግሥታት ባቀረቡት ክስ፥ ይህ ጋዝ በንጹሕ አየር ሕግ ሊገዛ የሚችል መሆኑን በ5 ለ4 ድምፅ ፈረደ። እንዲህም ሆኖ የፌዴራሉ መሥሪያ ቤት በ2008 ለካሊፎርኒያ ፈቃዱን ከለከለ፤ በ2009 መንግሥት ሲለወጥ ፈቀደ፤ በ2019 የዚህን ዐይነት ፈቃድ መልሶ ወሰደ፤ በ2022 እንደገና መለሰ።

በ2022 ካሊፎርኒያ፥ በ2035 የሚሸጡት አዳዲስ የቤት አቶሞቢሎች ሁሉ ጭስ የማያወጡ ወይም ከውጭ በኤሌክትሪክ የሚሞሉ እንዲሆኑ ደነገገች። ለዚሁ በታኅሣሥ 2024 የተሰጠው ፈቃድ በኮንግረስ ውሳኔ ተሽሮ ፕሬዚዳንት ትራምፕ ሰኔ 12 ቀን 2025 ፈረሙበት፤ ካሊፎርኒያና ሌሎች አባል መንግሥታትም በዚያው ዕለት ክስ መሠረቱ። ለአምራችም ሆነ ለአስተዳዳሪ ከጠበቀ ሕግ ይልቅ የሚከብደው ዛሬ ተሰጥቶ ነገ የሚነሣ ሕግ ነው። ፋብሪካ የሚተከለው ለብዙ ዓመት ታስቦ ነውና።

የዚህ ዐይነቱ መወዛወዝ በአሜሪካ ብቻ የታየ አይደለም። በሰሜን ያለችው ጎረቤቷ ካናዳም ፌዴራል አገር ናት። ብሪቲሽ ኮሎምቢያ የተባለችው ክፍለ ግዛት ከሐምሌ 1 ቀን 2008 ጀምሮ በነዳጅ ላይ የካርቦን ግብር ጣለች። ግብሩ በመጀመሪያ ለአንድ ቶን 10 የካናዳ ዶላር ነበር፤ በየዓመቱ እያደገ በ2012 ወደ 30 ዶላር ደረሰ። ሕዝቡን እንዳይከብደው የተሰበሰበው ገንዘብ ሌላውን ግብር በመቀነስ እንዲመለስ ተደረገ። የማዕከላዊው መንግሥት በ2018 ባወጣው ሕግ ይህን የመሰለ ወለል ለመላው አገር ዘረጋ፤ የራሱ የካርቦን ዋጋ ለሌለው ክፍለ ግዛት ማዕከላዊው ራሱ ይተምንለታል ተባለ። ሳስካችዋን፥ ኦንታሪዮና አልበርታ ይህ ሥልጣናችንን መንካት ነው ብለው ተከራከሩ፤ የካናዳ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ግን በመጋቢት ወር 2021 የጭሱ ጉዳት ከወሰን የሚያልፍ መሆኑን አመልክቶ ሕጉን አጸና። ይሁን እንጂ ግብሩ በፖለቲካ ክርክር ስለ ተጠላ፥ ማዕከላዊው መንግሥት ከሚያዝያ 1 ቀን 2025 ጀምሮ ተጠቃሚው ሕዝብ በነዳጅ ላይ የሚከፍለውን ዋጋ አነሣ። በዚያው ቀን ብሪቲሽ ኮሎምቢያም፥ ዐሥራ ሰባት ዓመት ሊሞላው የቀረበውን የራሷን ግብር አነሣች። ወለሉ ሲነሣ በላዩ የቆመው ሁሉ ይናወጣል።

እንደዚሁም መልካም ሙከራ ሁሉ በራሱ እግር ሄዶ ከጎረቤት አይደርስም። ኦሪገን የተባለችው የአሜሪካ አባል መንግሥት በ1971፥ የቢራና የለስላሳ መጠጥ ገዢ በጠርሙሱና በቆርቆሮው 5 ሳንቲም መያዣ እንዲያስይዝ፥ ባዶውን ሲመልስም ገንዘቡን እንዲቀበል የሚያዝዝ ሕግ አወጣች። ጠርሙስ መልሶ ገንዘብ መቀበል ለኛ አገር ሰው እንግዳ ነገር ባይሆንም፥ በዚያ አገር የመጀመሪያው የአባል መንግሥት ሕግ ይህ ነበር። መንገዱንም ከቆሻሻ አዳነ። ሆኖም ከግማሽ ምዕተ ዓመት በኋላ እንኳ እንዲህ ያለ ሕግ ያላቸው አባል መንግሥታት 10 ብቻ ናቸው፤ የፌዴራል ሕግም ሳይወጣለት ቀረ። ምክንያቱ ግልጽ ነው። ለአቶሞቢሉ ደንብ የመሸጋገሪያ መንገድ በ1977ቱ ሕግ ተዘርግቶለት ነበር፤ ለጠርሙሱ ግን የሚሸጋገርበት መንገድ አልተሠራለትም።

በመጨረሻ አባል መንግሥታት ብቻቸውን ፈጽሞ የማይችሉት አንድ ነገር አለ፤ እርሱም ነፋስ ወደ ሌላ የሚወስደው ጭስ ነው። ከ1970ው ሕግ በኋላ በየአካባቢው ያለው አየር ንጹሕ እንዲሆን ሲታዘዝ፥ ብዙ የከሰል ኤሌክትሪክ ማመንጫዎች ጭሱን በመቀነስ ፈንታ የጭስ ማውጫቸውን እጅግ ከፍ አድርገው ሠሩ። የአካባቢው አየር ጠራ፤ ድኙ ግን በነፋስ ተጭኖ በሩቅ ባሉ ሐይቆችና ደኖች ላይ የአሲድ ዝናብ ሆኖ ወረደ። አንዱ አባል መንግሥት ጥቅሙን እያገኘ ጉዳቱን ለጎረቤቱ በሚያስተላልፍበት ነገር አዲስ ብልሃት ከእርሱ መጠበቅ ከንቱ ነው። ይህ ችግር የተቃለለው በ1990 በወጣው የፌዴራል ሕግ ነው። ሕጉ የሚወጣው የድኝ ጋዝ ከ1980ው መጠን 10 ሚሊዮን ቶን እንዲቀንስ አዘዘ፤ ከተፈቀደለት በታች የቀነሰውም ባለፋብሪካ ትርፉን ፈቃድ ለሌላው እንዲሸጥ አደረገ።

ይህ ነገር ለኛስ ምን ይነግረናል የሚል አድማጭ ይኖራል። በአገራችን በ1987 ዓ.ም. በኛ አቆጣጠር የጸደቀው ሕገ መንግሥት ሰው ሁሉ ንጹሕና ጤናማ በሆነ አካባቢ የመኖር መብት እንዳለው ደንግጓል። በ1995 ዓ.ም. በኛ አቆጣጠር የወጣው የአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300 ደግሞ፥ ክልሎች እንደየሁኔታቸው ከፌዴራሉ የጠበቀ የአካባቢ ደረጃ ማውጣት እንደሚችሉ፥ ከፌዴራሉ የላላ ግን ማውጣት እንደማይችሉ ወስኗል። ልብ ብለን ከተመለከትነው ይህ ወለሉ የተዘረጋ፥ ጣራው የተከፈተ ቤት ነው። ቤቱ በወረቀት ላይ መሠራቱ ግን ብቻውን አይበቃም።

ከላይ ልብ በሉት ወዳልነው ነገር የምንመለሰው እዚህ ላይ ነው። ካሊፎርኒያ የቀደመችው ሥልጣን ስለ ነበራት ብቻ አይደለም፤ ያን ሥልጣን በ1940ዎቹ ሌሎቹም አባል መንግሥታት ነበራቸው። እርሷን የለያት የሚለካ መሣሪያ፥ የሚመረምር ሊቅ፥ ፋብሪካ ድረስ የሚሄድ ተቈጣጣሪና ይህን ሁሉ የሚችል በጀት የያዘ መሥሪያ ቤት አስቀድማ ማቋቋሟ ነው። ያልተለካ ነገር አይታወቅም፤ ያልታወቀም ነገር አይታረምም። ከመለካት በፊት ቢፈረድ ኖሮ ጥፋቱ በዚያ የጎማ ቅመም ፋብሪካ ላይ ተለጥፎ በቀረ ነበር።

እንግዲህ ከዚህ ታሪክ አራት ነገር እንጨብጣለን። አንደኛ፥ የማዕከላዊው ሕግ ወለል ይሁን እንጂ ጣራ አይሁን። ሁለተኛ፥ ለመሞከር ሥልጣን የተሰጠው ሁሉ የሚለካበት መሣሪያና የሚመረምር ሠራተኛ ይሰጠው፤ ያለዚህ ሥልጣኑ ባዶ ማኅተም ነው። ሦስተኛ፥ አንዱ ሞክሮ ያገኘውን ሌላው የሚወስድበት መንገድ አስቀድሞ በሕግ ይዘርጋ። አራተኛ፥ ከወሰን የሚሻገረውን ጭስና ውሃ ማዕከላዊው ራሱ ይያዘው፤ የሰጠውንም ፈቃድ በየምርጫው አይለዋውጥ።

በየመሥሪያ ቤቱ ሕግ የምናረቅ፥ ደንብ የምንጽፍ፥ መዝገብ የምንይዝ ሠራተኞች ይህን ነገር ከሌላው ሰው ይልቅ ልናስብበት ይገባል። ከአንድ ክልል ወይም ከአንድ ወረዳ ስለ አንድ ወንዝ መጥቆር ወይም ስለ አንድ ፋብሪካ ጭስ ማመልከቻ ሲመጣልን፥ ጉዳዩ የማን ነው ብሎ ወዲያና ወዲህ መመላለሱ ቀላል ነው። በ1943 በሎስ አንጀለስ የነበሩት ሹማምንትም ጉዳዩን ወደ ዋሽንግተን መርተው መቀመጥ ይቻላቸው ነበር። የሚመልስላቸው ግን አልነበረም፤ የዋሽንግተን መሥሪያ ቤት የተቋቋመው ከ27 ዓመት በኋላ ነው። በነዚያ ዓመታት ውስጥ የተወለደ ሕፃን አድጎ ልጅ ይወልድ ነበር።